የትኛው ጫማ ይሂድ?

«ይሄ ደግሞ የማን ነው?» አለች ልጄ፣ የሩጫ ጫማዬን ከሻንጣው አውጥታ የሞተ አይጥ የያዘች ይመስል በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ።

«የኔ ነዋ! መልሺው ወደ ቦታው።»

አልመለሰችውም። መሬት ላይ አስቀመጠችውና በምትኩ ያንን ሌላውን ከተተች፤ ሰፊውን፣ በመለጠፊያ የሚዘጋውን፣ እግሬ የተሰበረ ጊዜ ራሷ የገዛችልኝን። ልጄ የአጥንት ሕሙማን ክፍል ነርስ ናት። ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ስታነሣና ስታስተኛ ትውልና ቤት ስትገባ እኔንም ከነሱ ጋር ትቆጥረኛለች።

ሻንጣው ለሦስታችን አንድ ነው። ባለቤቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ጓዝ ሲጭን ኖሮ በራሱ ቤት ጓዝ ላይ ጨካኝ ሆኗል። ለመንገድ ከምናደርገው ነጠላ ጫማ ሌላ በነፍስ ወከፍ አንድ ጫማ ብሎ ደንግጓል። ስለዚህ ሐይቅ ዳር ለምናሳልፋት አንድ ሳምንት ወይ የሩጫው ይሄዳል፣ ወይ የበሽተኛው።

የበሽተኛው ከሄደ ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። እነሱ ጠዋት ጠዋት ሐይቁን እየዞሩ ስፖርት ሲሠሩ እኔ ወንበር ላይ ተጎልቼ ፎጣቸውን እጠብቃለሁ። ስምንት ወር ዕቃ ጠባቂ ሆኛለሁ፤ በቃኝ!

«እማዬ፣ በየትኛው እግርሽ ነው የምትሮጪው?»

«በሁለቱም! አጥንቱ ገጥሟል፣ እንደ ልብሽ ሁኚ ብሎኛል ሐኪሙ፣ ባለፈው ሰኞ።»

«እኔ አልሰማሁም።»

«ተረኛ ሆነሽ መች መጣሽና!»

«ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ሩጫ ክልክል ነው ይላል።»

ወረቀቱ የዛሬ ስድስት ወር የተጻፈ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ የወለድኳት ናትና ዋጥኩት።

ያልነገርኳት ነገር አለ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬን የምረግጠው በቀኝ እግሬ ነው፣ የተሰበረውም እሱው። ሐኪሙ ደረጃ ከፈቀደልኝ ሁለት ወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ እሷ ሥራ፣ አባቷ ጋዜጣ ሊገዛ ሲወጡልኝ የፎቃችንን ደረጃ ስወጣና ስወርድ ከረምኩ። መጀመሪያ አንዱን ፎቅ፣ ቀጥሎ ሁለቱን፣ አሁን አራቱንም። ጫማውን ጨርቅ ቁርጥራጭ የማጠራቅምበት ከረጢት ውስጥ እደብቀው ነበር። ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው።

«አባዬ፣ ንገራት እንጂ!»

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። «አውቶቡሱ ሊነሣ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። በጫማ ምክንያት ጉዞ ሲቀር ያየሁት በናንተ ነው» አለ።

«እንግዲያው ያንን ሰዓትህን ያዝልኝ» አልኩት። «እታች ጥበቃው ጋ ደርሼ እመለሳለሁ። የደረጃውን መደገፊያ ብረት አንዴ ከነካሁ ሰፊው ይሂድ። ካልነካሁ ግን ሁለተኛ ማንም እንዳይናገረኝ።»

«በስንት ደቂቃ?» ሹፌር አይደል!

«በአራት።»

«እማዬ፣ በሞቴ!» አለች ልጄ።

ጫማዬን አደረግሁ። ክሩን ሁለቴ ቋጠርኩት፤ ምን እዋሻለሁ፣ ፈርቻለሁ። እስከ ዛሬ ማንም ሳያየኝ ነው የወጣሁት የወረድኩት። አሁን ብደናቀፍ ሐይቁን ብቻ ሳይሆን ቀሪ ዕድሜዬንም ወንበር ላይ ላሳልፍ ነው።

ወረድኩ። ልጄ ብወድቅ ልትይዘኝ እጇን ዘርግታ ከኋላዬ ተንደረደረች። ደረጃውን እንደ ቀሚስ ሽንሽን አሥር አሥር እያደረግሁ ነው የምቆጥረው፤ አሥር አልቆ አንድ፣ አሥር አልቆ ሁለት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጎረቤታችን የቆሻሻ ባልዲዋን ይዛ ስትወጣ አገኘናትና ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

«ኧረ ምንድን ነው? እሳት ተነሣ እንዴ?»

«የለም፣ ጫማ እየለካሁ ነው!» አልኳት።

ጥበቃው ጋ ደርሼ ዞርኩ። ሰውየው ከወንበሩ ብድግ ብሎ ማንን እንደሚያባርር ግራ ገብቶት ቀረ።

መውጣቱ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጭኔ ነደደ። ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ አጠረኝና እጄ ሳላዘው ወደ ብረቱ ሄደ። አንድ ጣት ሲቀረው አየሁት። «አንተ እጅ!» ብዬ መለስኩትና ቀሚሴን አስጨበጥኩት። ከዚያ በኋላ እግሬን ብቻ ነው ያዳመጥኩት። ቀኙም ግራውም እኩል ይረግጣል፤ ስፌት ሲቀናኝ እንደሚረግጠው። እሰይ፣ እግሬ! አልኩ በልቤ፤ እንባዬም መጣ።

አራተኛው ፎቅ። ባለቤቴ ሰዓቱን ወደ ፊቴ አዞረው። ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ። እኔን ግን አላመነኝም፤ በደረጃው ቁልቁል አንገቱን አስግጎ ጮኸ።

«ብረቱን ነክታለች?»

ልጄ ገና ታች ነበረች። ትንፋሿ ይሰማል። ከዚያ የዚያች ውሸት የማታውቅ ነርስ ድምፅ መጣ።

«አል... አልነካችም!»

«በይ እሜቴ፣ አውልቂና ልክተተው» አለኝ፤ ጥርሱን መሸሸግ አቅቶታል።

«አይከተትም» አልኩት። «እግሬ ላይ ነው የሚሄደው።»

ያኔ ልጄ የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ብቅ አለች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። በሁለት እጇ ብረቱን አንቃ ይዛለች።

«እማዬ» አለች፣ «በናትሽ ቆዪኝ!»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ወገቤን ይዤ ከላይ ጠበቅኳት።