አራተኛው ሰው

በደብረ ብርሃን አዳዲሶቹ ሕንፃዎች ሙቀት የሚያድሉት በሰው ቁጥር ነው። የሰው ገላ ራሱ ምድጃ ነውና፣ ቤት ውስጥ ሰው በበዛ ቁጥር ሕንፃው ከቧንቧው ሙቀት ይቀንሳል። ማታ ማታ ከግድግዳው የሕንፃው ድምፅ ይመጣል።

"ዛሬ ስንት ናችሁ?"

"አራት" አሉ ወይዘሮ አስካለ።

ልትጠይቃቸው የመጣችው ልጃቸው ትሁኔ፣ በረዶ የሆነውን የጨቅላ ልጇን እግር በእጇ እያሸች ቀና አለች። "እማዬ! አንቺ፣ እኔ፣ ሕፃኑ፤ ሦስት ነን። አራተኛው ማነው?"

የወይዘሮ አስካለ ዓይን በሩ ላይ ወደተሰቀለው የባላቸው ጋቢ ሄደ።

"አባዬ ከሞተ እኮ ዓመት አለፈው! አለ እያልሽ ነው በብርድ ስትንዘፈዘፊ የከረምሽው?"

"ጎረቤቱም እድሩም መሞቱን ያውቃል። እንዳለ የሚቆጥርልኝ ይሄ ግድግዳ ብቻ ነው። ለሱም መርዶ ልንገር?"

ሕፃኑ አስነጠሰ። ደግሞ አስነጠሰ። ወይዘሮ አስካለ እየተቆጡም እያዘኑም ብድግ አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

"ሦስት ነን!"

"አቶ ማንያዘዋል ወጣ ብለው ነው?"

"አዎ።"

"መቼ ይመለሳሉ?"

"እሱ አይመለስም። እኔ ነኝ የምሄድበት።"

ቧንቧው ተንጣጣ። ጥቂት ቆይቶ ቤቱ ሞቀ፤ የሕፃኑ ጉንጭ ቀላ፣ እንቅልፍም ወሰደው። ዓመቱን ሙሉ ያ ቤት እንዲህ ሞቆ አያውቅም። ወይዘሮ አስካለ ግን ጋቢውን ከበሩ አውርደው እስከ ጆሯቸው ተከናነቡ።