የዞረው ጫማ

ስክሪኑ ላይ የሚስትየዋ ጫማ ብቻ ታየ። በፊልሙ መጀመሪያ አፍንጫው ወደ አልጋው ነበር፤ አሁን ወደ በሩ ዞሯል። ፊልሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ሲታይ፣ ዳይሬክተሯ ለማምለጥ የሚመች የጥግ ወንበር መርጣ ተቀምጣለች። ፕሮዲውሰሩ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

"አንቺ ልጅ፣ ሰው ሰሙን ሊያይ ነው የመጣው፤ ወርቁን ማን ቆፍሮ ያወጣልሻል? ካልገባቸው የጫማው ትዕይንት ይቆረጥና ሚስትየዋ 'ልሄድ ነው' ብላ በአፏ ትናገራለች።"

"እሺ" አለች፣ ለራሷም በማይሰማ ድምፅ።

ከተመልካቹ አንዱ አዛጋ። ይኼኔ ከኋላ አንዲት ሴት፣ "ውይ! ጥላው ልትሄድ ነው!" ብላ ጮኸች።

"ማን ነገረሽ?" አላት ባሏ።

"ዓይን የለህም እንዴ? ጫማዋ ዞሯል እኮ!"

"ባልየው ደግሞ አልጋው ላይ ያንኮራፋል!" አለ ሌላ ሰው፤ ሳቁና ጭብጨባው ከወንበር ወንበር ተያያዘ። ፕሮዲውሰሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "በቃ፣ ጫማው ይቆይ" አለ።

ዳይሬክተሯ ግን አቀርቅራ የራሷን እግር ታይ ነበር። ፊልሙ ከተጀመረ አንስቶ የጫማዋ አፍንጫ ወደ መውጫው ዞሮ ኖሯል። ቀስ ብላ ከስክሪኑ ሥር ወዳለው መድረክ አዞረችው፤ ከዚያም ተነሳች።