ራውተሩ የት ይቀመጥ?

«እዚያ አይደለም። መኝታ ቤት፣ መስኮቱ ላይ» አለ አቻምየለህ።

ቴክኒሻኑ ሊዶር ራውተሩን ሳሎን መሀል፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ሊያስቀምጥ ተንበርክኮ ነበር። ቀና አለ። «አባባ፣ መስኮት ላይ ከሆነ እኮ ግማሹ ኢንተርኔት ወደ ውጭ ነው የሚሄደው። ለእርግብ ነው እንዴ የሚያስገቡት?»

«መስኮቱ ላይ አልኩህ።»

ባንች ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና ታያለች። ዕድሜዋን የፈጀችው ባሕር ዳርቻው ላይ ባለ ሆቴል ክፍል ስታጸዳ ነው፤ ከቦታው ፈቀቅ ያለ ነገር ቶሎ ይታያታል። ዛሬ ፈቀቅ ያለው ባሏ ነው። «ኢንተርኔት ቤቴ አይገባም» ሲል የኖረ ሰው ሳያማክራት ቴክኒሻን ጠራ። ጠዋት ደግሞ የመኝታ ቤቱን መስኮት ደፍ በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውል አገኘችው። ጨርቅ ይዞ አይታው አታውቅም።

የመኝታ ቤቱ መስኮት የሚያየው ወደ ግቢው ነው። ከግቢው ማዶ፣ ከሕንፃው ሥር አንድ ማህሳን አለ፤ የዕቃ ማከማቻ ነበር፣ አሁን አልጋ ገብቶበታል። የሚተኛበት ልጃቸው ብሩ ነው። ማህሳኑን የፈለገችለት እሷ እንደሆነች፣ ቆሻሻ ልጣል ብላ በወረደች ቁጥር ምግብ እንደምታቀብለው አቻምየለህ አያውቅም። አያውቅም ስትል ነበር እስከ ዛሬ ጠዋት።

ብሩ በሰንበት፣ በቅዳሜ ቀን፣ በሞተር ብስክሌት ምግብ ማድረስ የጀመረ ጊዜ አቻምየለህ ሽማግሌዎች ፊት ማለ። «ደጄን አይረግጥም፤ ስሙም ከአፌ አይወጣም» አለ። ከዘመዶቹ መሐላ ያፈረሰ የለም። ዶራ ሰፈር ያለችው የብሩ አክስት ብታስጠጋው፣ አቻምየለህ ደጇ ላይ ቆሞ እስኪወጣ ድረስ አልሄደም። የማህሳኑን ባለቤትም ያውቀዋል፤ አንድ ቃል ይበቃል። ከዚያ ቢባረር ልጇ ወዴት እንደሚሄድ ባንች አታውቅም።

ሊዶር ገመዱን በግድግዳው ሥር እየዘረጋ መኝታ ቤት ገባ። ሁለቱም ተከተሉት።

«በዚህ ነገር ማን እንደገባ ይታያል?» ሲል አቻምየለህ ጠየቀው።

«ይታያል። ከስልክዎ ላይ ማየት ይችላሉ።»

«ማዶ ያለም ይገባል?»

«መስኮት ላይ ካደረግነው እስከዚያ ሕንፃ ይደርሳል። ለምን?»

ባንች እጇን ከኪሷ ከታ ስልኳን ጨበጠች።

«ምን አስበው ነው?» አለችው።

«ምን አስባለሁ? ዘመኑ ነው።»

«ዘመኑ አንቱ ዘንድ የደረሰ ዛሬ ነው?»

ሊዶር ሳቁን ለመደበቅ ወደ ሶኬቱ ዞረ።

«ሰንበት እንዲጠፋ አድርገው» አለ አቻምየለህ። «ዓርብ ጀምበር ሳትገባ ይጥፋ፣ ቅዳሜ ሲመሽ ይብራ።»

«ቤሴደር፣ እሺ፣ የሰንበት ሰዓት ሶኬቱ ላይ እሰካልዎታለሁ። ራሱ ያጠፋል፣ ራሱ ያበራል። አያቴም እንዲህ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ቤት ልናብድ ነው።»

«እበዱ። በእኔ ኢንተርኔት በሰንበት ማንም ሥራ አይሠራም።»

ማንም። ባንች ቃሉን ያዘችው። እዚህ ቤት የሚኖሩት እሷና እሱ ናቸው፤ ሁለቱም ሰንበት ሽረው አያውቁም።

«ሲስማስ? የመግቢያ ቃሉ ምን ይሁን?» አለ ሊዶር።

«አታድርግበት።»

«ሎ፣ አይሆንም አባባ! ቁልፍ ከሌለው እኮ ጎረቤቱ ሁሉ ይገባበታል።»

«ይግባ።»

ባንች ወደ ማዶው ማህሳን አየች። የቆቅ ወጥመድም የሚጠመደው እንዲህ ነው፤ እህሉን በትነው፣ መግቢያውን ከፍተው። ማህሳኑ ውስጥ ስልክ አይሠራም። ብሩ የኤሌክትሪክ ትምህርቱን ለመከታተል እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ይሄዳል፤ ኢንተርኔት ካገኘ ሳይጠይቅ ይገባል። ሲገባ ይታያል።

«ቆሻሻውን ልጣል» አለች።

«ቆይ። ቆሻሻው የትም አይሄድብሽ።»

ባለችበት ቆመች።

ሊዶር ስልኩን እየነካካ «ስም ቀረ» አለ። «ሰው ስልኩን ሲከፍት የሚያየው ስም። ምን እንበለው?»

«ማዶ ያለውም ያየዋል?»

«ሁሉም ያየዋል።»

«አምጣው እስቲ።»

አቻምየለህ ስልኩን ተቀብሎ ከዓይኑ አራቀው። ዕብራይስጥ የተማረው ዘግይቶ ነው፤ ፊደሎቹን በአንድ ጣት እየፈለገ፣ አንዱን አጥፍቶ እንደገና ጻፈ። የጻፈው አጭር ነበር። ሲመልስለት ግንባሩ አልቦታል።

ሊዶር አይቶ ሊያነበው አፉን ከፈተ።

«እንዳታነበው!» አለ አቻምየለህ። «ዝም ብለህ ጨርሰው።»

ራውተሩ ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ቆይቶ ረጋ። ባንች ስልኳን አወጣች። ከጎረቤቶቹ ስሞች በላይ አዲስ ስም መጥቷል። ፊደል በፊደል አነበበችው። *ብሩ* ይላል።

አንዴ ስልኩን፣ አንዴ የባሏን አፍ አየች። ከንፈሩ ግጥም ብሏል።

ከማዶ የማህሳኑ በር ተከፈተ። ብሩ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ወጥቶ ግቢው መሀል ቆመ፤ አንጋጦ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ያያል።

አቻምየለህ ጀርባውን ለመስኮቱ እንደሰጠ ነው።

«ከስቷል?» አለ።

ትናንት ማታ እንጀራ ያቀበለችውን ልጇን፣ ባንች ብዙ ጊዜ እንዳላየችው ሰው ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን አጥብባ አየችው።

«ትንሽ» አለች።