የሚያስቀው የቱ ጋ ነው?

ፊልሙ ውስጥ ያሉት ባልና ሚስት ተኳርፈው በልጃቸው በኩል መነጋገር ሲጀምሩ የሉላ እናትም አባትም እኩል ሳቁ። በመካከላቸው የተቀመጠችው ሉላ ግን አልሳቀችም። የአማርኛ መምህሯ ተማሪዎቹን አንድ የቤተሰብ ኮሜዲ አይታችሁ መቼቱን፣ ጭብጡንና ገጸ ባሕርያቱን ተንትኑ ብለዋቸዋል። መቼቱ ቀሏት ነበር፤ ልክ እንደ እነሱ ኮዬ ፈጬ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው። ጭብጡ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። ጠረጴዛው ላይ ያስደገፈችው ስልክ ላይ ፊልሙን አቁማ፣ «የሚያስቀው የቱ ጋ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ልጁ ነዋ» አለች እናቷ፣ እንባዋን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች። «አንዴ ሳሎን፣ አንዴ ኩሽና ሲሯሯጥ አታይም?»

ሉላ ግራ ገባት። ከኢድ ወዲህ እሷም «አባትሽን ምሳ ቀርቧል በይው»፣ «እናትሽን ዛሬ ሱቅ አመሻለሁ በያት» ስትባል ነው የከረመችው። «እኔም አስቃለሁ ማለት ነው?» አለች።

ሳቁ ቆመ። አንድ ጥፋት እንደሠራች ጠረጠረች፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባትም። ፊልሙን መልሳ ከፈተችው።

ትንሽ ቆይታ እናቷ፣ «አባትሽን ፈቀቅ በል በይው፣ ስልኩን ጋረደኝ» አለቻት። ሉላ ወደ አባቷ ዞራ አፏን ከፈተች። እሱ ግን ቀድሞ ፈቀቅ ብሎ በእሷ ራስ ላይ አሻግሮ እናቷን አያት።

«አሁንስ ታየሽ?» አላት።

ሉላ አፏን እንደከፈተች ቀረች፤ መልሱን ማን እንደሚያደርሰው አላወቀችም።