ዘንድሮ ምን ተማርኩ?

ሱፐርቫይዘሩ ክፍል ውስጥ፣ ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ የመምህርቷን የሙያ ማሻሻያ ማህደር ገለጠ። ጣቱ «ዘንድሮ ምን ተማርኩ?» የሚለው ላይ አረፈ። እንደ ባልደረቦቿ ሁሉ ያምናውን ገልብጣ፣ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ቀይራ ነበር ያስገባችው። «ማን ያነበዋል ብለሽ ነው?» ብለዋት ነበር እየሳቁ። ይሄ ሰውዬ ግን አነበበው፤ ያውም ጮክ ብሎ።

«"ከኋላ የምትቀመጠውን ዝምተኛ ልጅ በስሟ እየጠራሁ መጠየቅ ጀመርኩ። አሁን እጇን ታወጣለች።" እሰይ! ሥራ ማለት ይሄ ነው፣ እህቴ!»

በሩ ላይ የቆመው ርእሰ መምህር አንገቱን ደፋ። ዝምተኛዋን ልጅ ከቀበሯት ገና ሦስት ሳምንታቸው ነበር።

«እስቲ ጥሪያት፣ እኔም ልያት።»

አርባው ተማሪ ዓይን ዓይኗን ያያት ጀመር። ሞታለች ለማለት አፏን ከፈተች፤ የልጅቷ ስም ግን አልመጣላት አለ።