ከወንዙ ማዶ ሦስት ቀን

አዲሱ አስፋልት ከተሠራ ወዲህ ጣሊያን ያወጣው የድሮው መንገድ መኪና አያውቅም። ሣር በቅሎበታል። ከዳባት በታች ተጠማዞ ወደ ወንዙ ይወርዳል። በቅሎ ይሄድበታል፣ የገበያና የለቅሶ ሰው ይሄድበታል። አሁን ደግሞ ፈረንጅ በብስክሌት ይሄድበታል።

ፈረንጆቹን የሚመራው ደርቤ ነው። ያን ሰሞን የመጣው ሽማግሌ ፈረንጅ በአገሩ በወይን ማሳ መሃል፣ ወንዝ ለወንዝ፣ መኪና በማይደርስበት መንገድ ሲነዳ የኖረ ነው። እዚህም እንደዚያ ያለ አሳየኝ አለው።

“ወንዙ አለ፤ መኪናም የለ” አለ ደርቤ። “ወይኑን ግን ጠላ ይተካልሃል።”

ወሩ መስከረም ነው። ሲነሣ እናቱ ታንጉት አልጋ ላይ ነበረች። ደረቷን ከያዛት ሰንብቷል።

“ሦስት ቀን ነው። ስመለስ ጎንደር ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ” አላት።

“እኔ የትም አልሄድ። አንተ ወንዙን ተጠንቀቅ።”

“ወንዙን አውቀዋለሁ፣ እማ።”

“እሱ ግን አንተን አያውቅህም።”

ከመሻገሪያው የደረሱት ከሰዓት በኋላ ነው። ውሃው ከጉልበት በታች ነበር። ደርቤ መጀመሪያ ፈረንጁን በእጁ ይዞ አሻገረ። ቀጥሎ የፈረንጁን ብስክሌት ተሸክሞ አሻገረ። የራሱን ሊያመጣ ተመለሰ።

እሱን ይዞ መሃል ሲደርስ ከላይ አገር የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ መጣ። ድምፁን ሰማና ብስክሌቱን ለቀቀ። እንደ ምንም ብሎ ፈረንጁ ወዳለበት ማዶ ወጣ። ብስክሌቱ ሁለት ጊዜ ተገለባብጦ ጠፋ። ቀይ ጃኬቱም ከኋላው ታስሮ ነበር። ስልኩና መታወቂያው በጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነበሩ።

“መታወቂያ ማውጣት ደግሞ መከራ ነው” አለ ደርቤ፣ እየተንቀጠቀጠ።

ከመሻገሪያው ራቅ ብሎ፣ ከገደሉ በላይ፣ አባ ወልደ ገብርኤል የሚባሉ ቄስ ያሉባት አምስት ቤት መንደር አለች። እዚያ አደሩ። ውሃው አልጎደለም። በማግሥቱም አልጎደለም።

“ወንዙ ሲሞላ እኛ እንግዳ እናገኛለን” አሉ አባ። “ቆሎውን ብላ፤ ወንዙን ብታፈጥበት አይጎድልልህም።”

“እናቴ ታማለች፣ አባ።”

“ይማርልህ።”

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ውሃው ጎደለ። መጀመሪያ የተሻገረው አንድ የበግ ነጋዴ ነው። ደርቤ ከአባና ከፈረንጁ ጋር ከመሻገሪያው ቆሞ አገኘው።

“ከወዲያ ምን ወሬ አለ?”

“ምን አለ፣ ለቅሶ ነው” አለ ነጋዴው፣ ሱሪውን እየጨመቀ። “አገሩ ሁሉ ከታንጉት ቤት ነው። ድንኳን ተጥሏል። ዛሬ ሠልስት ነው አሉ። በግ የሚገዛኝ ባጣ ተሻገርሁ።”

“የትኛዋ ታንጉት?”

“ከሚካኤል በታች ያለችው። አንተ ምኗ ነህ?”

“ልጇ ነኝ።”

ነጋዴው ሱሪውን መጭመቁን ተወ። መርዶ በመንገድ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ከቤት ተገብቶ ነው። ይህን ነጋዴውም ያውቃል፣ ደርቤም ያውቃል።

“እኔ የማውቀው የለም፣ ወንድምዓለም። ከሰው ሰምቼ ነው እንጂ። ቶሎ ድረስ።”

ደርቤ ቆጠረ። ዛሬ ሠልስት ከሆነ፣ የሞተችው እሱ በወጣ ዕለት ነው። ቀብሯም አልፏል።

ፈረንጁ ቋንቋውን ባይሰማም ፊቱን አየና ብስክሌቱን አቀበለው።

“እንግዳህ እኔ ዘንድ ነው” አሉ አባ። “ሂድ፣ ልጄ።”

ብስክሌቱን ተሸክሞ ተሻገረ። ዳገቱ ለበቅሎም አይመች። ደርቤ ነዳ፤ ሲያቅተው ወርዶ ገፋ፤ ደግሞ ወጣ። ሰንሰለቱ ሁለት ጊዜ ወለቀበት። እጁ ጥቁር ቅባት ሆነ፤ በዚያው እጁ ዓይኑን ጠረገ። ከመሄዴ በፊት ጎንደር ብወስዳት ኖሮ፣ እያለ ነዳ። ወይን የለመደ ፈረንጅ ወንዝ ለወንዝ ላዞር ብዬ፣ እያለ ነዳ።

ከሸለቆው ማዶ ሦስት ሰዎች በሌላው መንገድ ወደ ወንዙ ሲወርዱ አየ። ገመድና ረጃጅም እንጨት ይዘዋል። የፊተኛው አብሮ አደጉ ላቀው ነው። ፀጉሩን ተላጭቷል። ታንጉት እሱንም እንደ ልጇ አብልታ ነው ያሳደገችው።

“ላቀው!” ብሎ ተጣራ።

ላቀው ቆመ። ወደ እሱ አየ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔን ሊፈልጉ ነው የሚወርዱት፣ አለ ደርቤ በልቡ። ያንን ቃል ከላቀው አፍ መስማት አልፈለገም። ነዳ።

ሚካኤል ሲደርስ ብስክሌቱን ከአጥሩ አስደግፎ ገባ። አዲስ አፈር ፈለገ። ከአባቱ መቃብር አጠገብ አየ፤ ሣር ነው። ከዋርካው ሥር አየ፤ ሣር ነው። ዝናቡ ደልድሎት ይሆናል ብሎ፣ ከአባቱ መቃብር ራስጌ ሰግዶ ወጣ።

ከበሩ ላይ ጎረቤታቸው አረጋሽ ጀሪካን አዝላ መጣች። አየችው። ጀሪካኑ ከጀርባዋ ወደቀ። ሦስት ጊዜ አማተበች፤ ከዚያ ዞራ ሮጠች።

“እትዬ አረጋሽ፣ አይሸሹኝ” አለ ደርቤ። “አውቄዋለሁ።”

መርዶ ነጋሪ መሆን ማንም አይወድም።

ድንኳኑ ከቤቱ ደጅ ተተክሏል። የአልቃሿ ድምፅ እስከ መንገዱ ይሰማል። ደርቤ ብስክሌቱን ጣለው። ሁለት እጁን ከራሱ ላይ አደረገ።

“እናቴን” አለ። “እናቴን፣ እናቴን።” እየጮኸ ገባ።

አልቃሿ አቋረጠች። ሰዉ ግራና ቀኝ ተከፈለለት።

ታንጉት ከመሃል ቆማ፣ ነጠላዋን ከወገቧ አሸርጣ፣ ጭቃ የነካው ቀይ ጃኬቱን በሁለት እጇ ከደረቷ ይዛ ነበር።