ከአልጋው ስር የተፈረመው

በአዲሱ ሕግ፣ ሰላም አስከባሪ ጦር ይግባ አይግባ የሚለው ድርድር የሚካሄደው ሆቴል ውስጥ ሳይሆን ጦርነቱ ባለበት ሰፈር፣ በሰው ቤት ነው። ዕጣው ለእኔ ወጣ። አምባሳደሮቹ ሻዬን እየጠጡ "የእነሱ ወታደር አይገባም"፣ "የእኛ ይቅደም" ሲባባሉ ሰነበቱ። ዛሬ የመድፍ ጥይት ጎረቤት ግቢ ሲያርፍ ግን ሁሉም ተሻምተው አልጋ ስር ገቡ።

የስድስት ዓመቷ ልጄ ሲሃም የአንደኛውን አምባሳደር ትከሻ ነካ አደረገች።

"አባባ፣ ይሄ የእኔ ቦታ ነው። እንግዳ የሚገባው በግድግዳው በኩል ነው።"

ሰውየው ወደ ግድግዳው ተጠጉላት። ከዚያ በደረታቸው እንደተኙ እስክሪብቶ ጠይቀው ጦሩ እንዲገባ ፈረሙ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ሲመሻሽ፣ ድንበር ላይ ሲጠብቁ የከረሙት የጦሩ መኪኖች ገቡ። እፎይ ብዬ አልጋውን አነጠፍኩ። ሲሃም ቆማ አየችኝ።

"እማ፣ ከላይ ነው እንዴ የምተኛው?"